ከበሮ የሚጾምበት ሰሞን

የደጋ ዳሞት ብርድ ለከበሮም ይተርፋል። እንደ ፈረስ ቤት ባለ ደጋ አገር ሌሊቱን በእርጥበት ያደረ ቆዳ ይረግባል፤ ሲመቱት ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ መቺው ከበሮውን ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ያስጠጋና ቆዳው እስኪወጠር በጣቱ እየነካ ያዳምጠዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን የተቦረቦረ ግንድ የሚያዩት እንደ ክርስቶስ ገላ ነው። ሰፊው አፉ መለኮት፣ ጠባቡ ትስብእት፤ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር፣ የሚለብሰው ጨርቅ ከለሜዳው፣ ማንገቻው ክርስቶስ የታሰረበት ገመድ። እንግዲህ መቺው በእጁ የሚያሰማው ጥፊውን ነው። እልልታው የሚወጣው ግን ከዚሁ ምት ነው፤ እኔን ዘወትር የሚገርመኝ ይህ ነው።

ከበሮው የሚያጅበው ዜማ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የቅዱስ ያሬድ ነው ይባላል። ማኅሌቱ በከበሮ አይጀምርም። በቁም ዜማ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ በዝማሜ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ይወዛወዛል፤ ጸናጽልና ከበሮ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። መረግዱ ረግቶ ይመጣል፣ ጽፋቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይከተላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና (በቀልዳቸው የምናውቃቸው እኒያው) የጣናን ማዕበልና የደንገሉን ውዝዋዜ አይተው አዲስ አቋቋም አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም፤ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ የተክሌ አቋቋም የሚባለውም በእሱ ስም ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግን ከበሮን ለብቻዋ አልያዘችውም። በ1924 ዓ.ም ክረምት ጎንደር የገባው ፈረንሳዊ ሚሼል ሌሪስ የጻፈለት ዛርም የሚጠራው በከበሮ ነው። ካህናቱ ዛሩን ያወግዛሉ፤ ከበሮውን ግን ማን ያወግዛል? የአዋጁ ከበሮ ነጋሪትማ ስሙ ራሱ «ነገረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። የሹም ክብር በሚያስጎስመው ነጋሪት ብዛት ይለካ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም የወጣው የሕግ ጋዜጣም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። ዛሬ አዋጁ ይታተማል እንጂ አይጎሰምም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የመቅደሱ ከበሮ ዝም ይላል፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ይዘመማል። ሰርግ ስለማይደገስ የቤቱም ከበሮ አብሮ ይጾማል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር 55 ቀን ሙሉ የሚሰማው የደወልና የከብት ድምፅ ነው። የፋሲካ ሌሊት የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ቅጽር ውስጥ እንቅልፍ የጣላቸው ሕፃናት ብንን ይላሉ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ደግሞ በየሰርግ ቤቱ ሴቶች ያንን የረገበ ቆዳ ምድጃ ዳር ያዞሩታል።