የቤት ኢንተርኔትን ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት፦ ከመስመር ምርጫ እስከ ብልሽት ልየታ

ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ጂንካ የቤት ኢንተርኔት ፋይዳ ከመዝናኛ ያለፈ ነው። ፓስፖርት ለማውጣት ማመልከቻ የሚቀርበው በኢንተርኔት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. በከፊል በበይነ መረብ ተሰጥቷል። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥናታዊ ጽሑፍ ለመፈለግ፣ ነጋዴውም በባንክ ገንዘብ ለማስተላለፍ አስተማማኝ መስመር ያስፈልጋቸዋል። ይሁን እንጂ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው በመስመር ድክመት ብቻ አይደለም፤ ላፕቶፑ በአግባቡ ባለመዘጋጀቱና ብልሽቱ የት እንዳለ ባለመለየቱም ጭምር ነው።

የመስመር ዓይነቶች

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መዋል የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የቀድሞውን የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተክቶ ሥራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት በመጀመሩ የቴሌኮም ኦፕሬተሮች ቁጥር ሁለት ሆነ።

ለመኖሪያ ቤት የሚውሉት መስመሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በመደበኛው ስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ነው። የዚህ መስመር ጉልበት ቤቱ ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል፤ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት ደግሞ እምብዛም አያገለግልም። ሁለተኛው በብርሃን አማካኝነት መረጃ የሚያስተላልፈው የፋይበር መስመር ነው፤ ፈጣንና የተረጋጋ ቢሆንም የሚገኘው መስመሩ በተዘረጋበት ሰፈር ብቻ ነው። ሦስተኛው በሲም ካርድ የሚሠራው የሞባይል ኢንተርኔት ነው። ከጂንካ ወጣ ብሎ በቱርሚ፣ በዲመካ ወይም በኦሞራቴ ለሚኖር ሰው ገመድ በማይደርስበት ቦታ የሚቀረው አማራጭ ይኸው ነው።

የሞባይል ኢንተርኔት ለመጠቀም የወሰነ ሰው ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር ከመግዛቱ በፊት ሲሙን በስልኩ አስገብቶ በቤቱ ውስጥ የ4ጂ ምልክት መኖሩን ቢያረጋግጥ ከአላስፈላጊ ወጪ ይድናል።

ፍጥነትን በትክክል ማንበብ

በውል ላይ የሚጻፈው ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር በሴኮንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው። በዚህ ስሌት 1 ጊጋባይት ለማውረድ ቢያንስ 33 ደቂቃ ይወስዳል። ይህን ያልተረዳ ተጠቃሚ የሚገባውን ፍጥነት እያገኘ መስመሩ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

ራውተሩን ማዘጋጀት

ራውተር ወለል ላይ ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ጀርባ ሳይሆን ከፍ ባለና ለቤቱ መካከለኛ በሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ቆርቆሮና ብረት ያለበት ኮንክሪት ሞገዱን አጥብቀው ይከለክላሉ፤ የጭቃና የእንጨት ግድግዳ ከእነዚህ ያነሰ ያዳክመዋል። በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የኔትወርክ ማማ በሚገኝበት አቅጣጫ ባለ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይመረጣል።

መሣሪያው ሲገዛ የነበረው የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ተለጥፎ ይገኛል። ቤት የገባ ሁሉ ሊያነበው ስለሚችል በመጀመሪያው ቀን መቀየር ይገባል። ለዚህም በራውተሩ ላይ የተጻፈውን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1ን፣ በኢንተርኔት ማሰሻው ላይ በመጻፍ ወደ መቆጣጠሪያው ገጽ መግባት ይቻላል። የዋይፋዩ ብቻ ሳይሆን የመቆጣጠሪያው ገጽ የይለፍ ቃልም መለወጥ አለበት።

ላፕቶፑን ማገናኘት

በዊንዶውስ ላፕቶፕ በስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ጥግ ያለውን የኔትወርክ ምልክት በመጫን የራውተሩን ስም መምረጥና የይለፍ ቃሉን ማስገባት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ነገሮች ሊታዩ ይገባል።

አንደኛው ቀንና ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የለመደ ሰው ላፕቶፑን በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ቢሞላው ኮምፒውተሩ ከትክክለኛው ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ደኅንነታቸው የተጠበቀ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት ማረጋገጫ የሚያገለግልበት ጊዜ የተወሰነ በመሆኑ፣ እንዲህ ባለው ላፕቶፕ የባንክና የመንግሥት አገልግሎት ገጾች አልከፈት ይላሉ። ስለዚህ ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆን አለበት። በዊንዶውስ የሰዓት ቀጣና ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚገኘው ናይሮቢ በሚለው ሥር ነው።

ሁለተኛው የዳታ ፍጆታ ነው። ዊንዶውስ ባለቤቱ ሳያውቅ ማሻሻያዎችን ያወርዳል፤ አንዳንዶቹም ከ1 ጊጋባይት በላይ ይመዝናሉ። የተወሰነ የዳታ ጥቅል የሚገዛ ሰው በኔትወርኩ ማስተካከያ ውስጥ “ሜተርድ ኮኔክሽን” የሚለውን ቢያበራ አብዛኛው ማውረድ ይቆምለታል። ሆኖም ማሻሻያዎቹ ላፕቶፑን ከቫይረስና ከሰርጎ ገቦች ስለሚጠብቁ፣ ያልተገደበ መስመር ሲገኝ እንዲወርዱ መፍቀድ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ

ብልሽትን በቅደም ተከተል መፈለግ ላፕቶፕን ያለምክንያት ወደ ጥገና ቤት ከመውሰድ ያድናል።

1. በሲም ካርድ ለሚሠራ መስመር በቅድሚያ ቀሪ ሒሳብንና የዳታ ጥቅልን ማጣራት ነው። በኢትዮ ቴሌኮም ቀሪ ሒሳብ የሚታየው *804# በመደወል ነው።

2. በፋይበር መሣሪያ ላይ “ሎስ” የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም። ገመዱ በቤት ውስጥ ተጣጥፎ እንደሆነ ማየት ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈው የባለሙያ ሥራ ነው። የፋይበርን ጫፍ በዓይን አቅርቦ መመልከት አደገኛ ነው።

3. ስልክን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ መሞከር ያስፈልጋል። ስልኩ ከሠራ ችግሩ ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ካልሠራ ራውተሩ ወይም መስመሩ ላይ ነው።

4. ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በገመድ ማገናኘት ነው። በገመድ ሠርቶ በዋይፋይ እምቢ ካለ የተበላሸው የገመድ አልባው ክፍል ነው።

5. የላፕቶፑ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ሁለቱንም አጥፍቶ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

መብራትና መብረቅ

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቀጥልም ራውተሩ ይጠፋል። መጠባበቂያ ባትሪ የሚገዛ ሰው ራውተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማስተያየት አለበት፤ የማይመጣጠን ኃይል መሣሪያውን ያቃጥለዋል። ነጎድጓድ በሚበዛበት ወቅት የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ብቻ መንቀል በቂ አይደለም። የመብረቅ ኃይል በስልኩ የመዳብ ሽቦም ሊገባ ስለሚችል ሁለቱም መነቀል አለባቸው። ይህም መደረግ ያለበት ነጎድጓዱ ሳይቃረብ ነው።

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ተሞክረው መስመሩ ካልተመለሰ ወደ አቅራቢው መደወል ይገባል፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር 994 ነው። ደዋዩ የትኛው መብራት እንደበራ፣ ስልኩ በዋይፋዩ ሠርቶ እንደሆነና ብልሽቱ መቼ እንደጀመረ አስቀድሞ ከያዘ፣ ባለሙያው ችግሩ በቤት ውስጥ ወይስ በውጭ መሆኑን ለመለየት ይቀለዋል።