በአርሲ ደጋ ግርጌ ስላለፈው ምድር ባቡርና ስለ ታናሽ አምሳያው

የሰው እጅ ከሠራቸው ታላላቅ ነገሮች ብዙዎቹ ከሠሪዎቻቸው በኋላ ረዥም ዕድሜ የላቸውም። ግንብ ይፈርሳል፤ መርከብ ይሰጥማል፤ ብረትም በዝገት ይበላል። ስለዚህ አስተዋዮች ለሚያልፈው ነገር ሁለት ዓይነት መታሰቢያ ያቆማሉ፤ አንደኛው በቃል የተጻፈ ታሪክ ነው፥ ሁለተኛው በልክ የተሠራ አምሳያ ነው። ስለ ፊተኛው በአገራችን ብዙ ተብሏል፤ ስለ ኋለኛው ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በአርሲ ደጋ ግርጌ ያለፈውን የምድር ባቡር ታሪክ እያወሳን፥ ስለ አምሳያ ጥቅም ለአንባብያን ልናመለክት አሰብን።

በአሰላ ምድር የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጭላሎ ተራራ የሚጠብቃት ይህች ከተማ፥ ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከ700 ሜትር በላይም ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ባቡር ደግሞ ዳገት የሚጠላ ፍጥረት ነው፤ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ በቀላሉ ይንሸራተታልና። ይህ ዕጣ የአርሲ ብቻ አልነበረም፤ ታላቂቱ ሐረርም በዚሁ ምክንያት ቀርታባታለች። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ወጪው ስለ ከበደው ከግርጌው ቆመ፤ በቆመበትም ሜዳ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች።

የሥራው ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ አለቀ፤ በመንግሥታትም መካከል ክርክር ተነሣ፤ ሥራውም ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ ወደ አዋሽ፥ ከአዋሽም በስምጥ ሸለቆው በኩል ወደ ላይ ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱም ስፋት 1 ሜትር ነበረ። በአዲስ አበባ ዛሬም ለገሃር የምንለው ታላቁ የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

አዋሽ፥ መተሐራ፥ ወለንጪቲ፥ አዳማ፥ ሞጆ እየተባሉ የሚቈጠሩት ጣቢያዎች ለአርሲ ደጋ እንደ ባሕር ወደብ ነበሩ። የደጋው ሰው ወደ ባቡሩ መውረድ እንጂ ባቡሩ ወደ ደጋው መውጣት ስላልቻለ፥ ቀድሞ በአህያና በበቅሎ፥ ኋላም በካሚዮን፥ እህሉና ከብቱ ቁልቁል ይወርድ፥ ጨውና ጨርቁም ሽቅብ ይወጣ ነበር። እንግዲህ የአርሲ ታሪክ ከባቡሩ ታሪክ ተለይቶ የሚጻፍ አይደለም።

በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ባቡር የሚሄደው በቀን ብርሃን ብቻ ነበረ። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት በአዋሽ፥ ሁለተኛውን በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር። ሎኮሞቲቩ እንጨት ወይም ከሰል ይበላል፥ ውሃ ይጠጣል፥ ጭስና ፍም ይተፋል፤ የመንገደኛውም ነጭ ልብስ ጥላሸት ለብሶ ይወርዳል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜ ግን በዚህ ሐዲድ ላይ ሌላ ዓይነት ሠረገላ ታየ። ይህም የኢጣልያው የፊያት ፋብሪካ የሠራው፥ ሞተሩና መንገደኞቹ በአንድ አካል ውስጥ የሆኑለት፥ ግንባሩ ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተደርጎ የተለዘበ ሊቶሪና ነው። ከጭስ ባቡር ይልቅ ቀላልና ፈጣን ስለ ነበረ መንገዱን እጅግ አሳጠረው። ስሙ የተወሰደው ፋሺስቶች ከቈረቈሯት ከሊቶሪያ ከተማ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ከተማዪቱ ላቲና ተብላ ስሟን ለወጠች፥ ሠረገላው ግን የቀድሞውን ስም እንደ ያዘ ቀረ። በግፍ ዘመን የመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ታሪኩን እንርሳው የሚል አይጠፋም፤ ዳሩ ግን ግፉንም ዕቃውንም አብሮ ማስታወስ የታሪክ ሥርዓት ነው።

በዚያው ዘመን በሰፊው ዓለምም እንዲህ ያለው ቅርጽ ገንኖ ነበር። በአሜሪካ መንገደኛው ባቡርን ትቶ ወደ አውቶሞቢል ስለ ሄደ፥ ኩባንያዎቹ በውበትና በፍጥነት ሊመልሱት አሰቡ። በ1934 እ.ኤ.አ. ዜፊር የተባለው፥ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ባቡር ከዴንቨር እስከ ሺካጎ ያለውን ከ1,600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጸመ። በጅራቱ የነበረው ክፍል ክብና በመስኮት የተከበበ ሲሆን፥ ተቀማጮቹ ያለፉትን አገር ወደ ኋላ እየተመለከቱ ይሄዱ ነበር። ይህን የመሰለው የመመልከቻ ሠረገላ ከዚያ በኋላ የፈጣን ባቡሮች ሁሉ ጌጥ ሆነ። ወደ ኋላ ማየት ለታሪክ ጸሐፊም የሚገባ ወንበር ነው።

ፍጥነት ግን ከልክ ጋር ካልሄደ መከራ ነው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ በጠማማ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የደረሰ ባቡር ወደ ገደል ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የባቡሩን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሠረገላውን ውበት ብቻ ጽፎ ይህን ኀዘን ሊተው አይገባውም።

የኋላው ዘመን ታሪክ አጭር ነው። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በናፍጣ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ የጭሱን ተካ። ሐዲዱና ድልድዩ እያረጀ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚደረገው ጉዞ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ፤ የሐዲዱም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ የቀድሞው ሠረገላ ሊሄድበት አይችልም። አሮጌው ሐዲድ በብዙ ስፍራ አፈርና ሣር ለብሷል፤ ከአሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችና ሠረገላዎች የተረፉት በድሬዳዋ የጥገና ግቢ ቆመዋል።

እንግዲህ ወደ አምሳያው እንመለስ። የጀርመኑ የሜርክሊን ቤት በ1891 እ.ኤ.አ. በላይፕሲግ ትርኢት ላይ፥ ሐዲዱና ሠረገላው እየተጨመረ የሚሰፋ የመጫወቻ ባቡር አቀረበ። ሊዮኔል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ፥ በ1934 እ.ኤ.አ. ኤም 10000 የተባለው ነፋስ ሰንጣቂ ባቡር በወጣበት ዓመት የእርሱን አምሳያ ሠርቶ ሸጠ። በመጀመሪያ ለልጆች የተሠራው ነገር ከጊዜ በኋላ የአዋቂዎች ጥበብ ሆነ። ዛሬ እጅግ የተለመደው ልክ ከ87 አንድ እጅ ነው። ዋናው ዜፊር በሺካጎ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይኖራል፤ ከጓደኞቹ ግን ብዙዎቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጠው ስለ ጠፉ፥ ከነሙሉ መልካቸው የሚታዩት በአምሳያ ነው።

ይህን ልክ በእኛ ባቡር ላይ ብናደርገው 1 ሜትር የሆነው ሐዲድ ከ12 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ይሆናል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 784 ኪሎ ሜትሩ ግን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናልና ይህን የሚችል አዳራሽ አይገኝም። ስለዚህ ሠሪው መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የአዋሽን ጣቢያ ከነማደሪያው፥ ወይም የአዳማን ጣቢያ ከነገበያው። መርጦም ሲሠራ መስኮቱ ስንት እንደ ነበረ፥ ጣሪያው ምን ቀለም እንደ ተቀባ፥ ሦስተኛ ማዕርግ የተሳፈረው ድኻ በምን ላይ እንደ ተቀመጠ መጠየቅ አለበት። በቃል የሚጽፍ ሰው ያላወቀውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ አምሳያ ሠሪ ግን ያልለካውን መስኮት ሊሠራው አይችልም።

አንዳንዱ፦ «ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ አይደለምን? ለተራበ አገር ታናሽ ባቡር ምን ይፈይዳል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣውን ውድ ዕቃ መግዛት አንድ ነገር ነው፥ በቆርቆሮና በእንጨት፥ በካርቶንና በሙጫ የራስን ታሪክ ለክቶ መሥራት ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሥራ ልጅ ሒሳብን በእጁ ይማራል፤ የአገሩን ታሪክም በጣቱ ይዳስሳል። ደግሞም ብራና ሲያረጅ ጸሐፊ ተቀምጦ በአዲስ ብራና ይገለብጠዋል፤ አሮጌው እስኪጠፋ ቢጠብቅ ግን ከምን ይገለብጣል? የብረቱም ነገር እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በአሰላ፥ በአዳማና በድሬዳዋ ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሜትርና እርሳስ አስይዘው ወደ አሮጌዎቹ ጣቢያዎችና ሠረገላዎች ቢያወጧቸው፥ ታላቅ ገንዘብ ሳይጠይቅ ታላቅ ሥራ ይሠራል። በሐዲዱ ላይ የሠሩት ሽማግሌዎችም በሕይወት ሳሉ ቢጠየቁ፥ የትኛው ደወል መቼ ይደወል እንደ ነበረ፥ የትኛው ፉርጎ ምን ይጭን እንደ ነበረ ሊነግሩን ይችላሉ። ዝገት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዕድሜም እንዲሁ። ዛሬ ያልለካነውን ነገ ባዕድ ከፎቶግራፍ ላይ ገምቶ ይሠራዋል፤ እኛም የገዛ ታሪካችንን ከእርሱ በገንዘብ እንገዛለን።