የተቆረጠ ነርቭን የሚያሻግሩ መደገፊያዎች አሠራርና የሽዋን ሴሎች ዕድገት

በአደጋ ወይም በስለት የተቆረጠ የእጅ ወይም የእግር ነርቭ እንደገና የማደግ ተፈጥሯዊ ችሎታ አለው። ይሁንና ዕድገቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ክንድ ላይ የተቆረጠ ነርቭ እስከ ጣቶች ለመድረስ አንድ ዓመት ያህል ሊወስድበት ይችላል። ጡንቻ በበኩሉ ያለ ነርቭ ከ12 እስከ 18 ወራት ከቆየ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ የመመለስ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። በመሆኑም ነርቩ እንዳይዘገይና አቅጣጫውን እንዳይስት ማድረግ የሕክምናው ዋነኛ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስዱት በጀርመናዊው ተመራማሪ ቴዎዶር ሽዋን ስም የሚጠሩት የሽዋን ሴሎች ናቸው። እነዚህ ሴሎች በጤናማ ነርቭ ውስጥ ክሮቹን ማየሊን በተባለ ቅባታማ ሽፋን ይጠቀልላሉ። ነርቩ ሲቆረጥ ደግሞ ፍርስራሹን ያጸዳሉ፤ ተባዝተው በተርታ በመሰለፍም ለሚያድገው ክር መንገድ ያበጃሉ።

በተቆረጡት ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ግን ሴሎቹ የሚሻገሩበትን መሠረት ያጣሉ። ስዊድናዊው ጎራን ሉንድቦርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1982 ባሳተሙት ጥናት በአይጥ የእግር ነርቭ ላይ ባዶ የሲሊኮን ቱቦ ገጥመው ነበር። ነርቩ የ10 ሚሊ ሜትር ክፍተትን ሲሻገር 15 ሚሊ ሜትሩን መሻገር አልቻለም።

ለሰፊ ክፍተት የተለመደው ሕክምና ከታማሚው እግር ነርቭ ወስዶ መትከል ሲሆን፣ ነርቩ የተወሰደበትን ቦታ ማደንዘዙ ጉዳቱ ነው። የቲሹ ኢንጂነሪንግ ባለሙያዎች በምትኩ ስካፎልድ የተባለ ሰው ሠራሽ መደገፊያ ያዘጋጃሉ። መደገፊያው ከኮላጅን፣ ከሐር፣ ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት ከሚገኘው ኪቶሳን ወይም በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ከሚሟሟ ፕላስቲክ ይሠራል።

ከተሠራበት ቁስ ባልተናነሰ የመደገፊያው ውስጣዊ አደረጃጀት ወሳኝ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚፈተሉት እጅግ ቀጫጭን ክሮች እንደ ሸማ ድር በአንድ አቅጣጫ ሲዘረጉ የሽዋን ሴሎች ክሮቹን ተከትለው ይረዝማሉ፤ ወደ ፊትም ይጓዛሉ። የነርቩ ክርም ይኸንኑ መስመር ይዞ ያድጋል። ክሮቹ ያለ ሥርዓት የተጠላለፉ ከሆነ ግን ሴሎቹ በየአቅጣጫው ይበተናሉ።

የግድግዳው ቀዳዳዎች መጠንም ትኩረት ይሻል። ቀዳዳዎቹ ኦክስጅንና ምግብ የሚያሳልፉ፣ ጠባሳ የሚፈጥሩ ሴሎችን ግን የሚከለክሉ መሆን ይኖርባቸዋል። መደገፊያው ከመጠን በላይ ከጠጠረ ነርቩን ሊጫን፣ ያለ ጊዜው ከሟሟ ደግሞ ሴሎቹን ያለ መሠረት ሊያስቀር ይችላል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ2001 ለገበያ የተፈቀደውን የኮላጅን ቱቦ ጨምሮ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ቱቦዎች በአብዛኛው የሚያገለግሉት እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ክፍተት ነው። ከዚያ ለሚሰፋው ክፍተት የሽዋን ሴሎችን በተርታ የሚመራ ውስጣዊ መስመር ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የተገኘው ውጤት በሰው ላይም ሲረጋገጥ ታማሚው አንዱን ነርቭ ለማዳን ሌላውን ከማጣት ይድናል።