ጳጉሜንና የፕሮግራም ተማሪው

በስሙ የገበያ ቀን የሚጠራው አርብ ገበያ፣ የታች ጋይንት ከተማ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ ዓመቱን በ13 ወር ይቈጥራል። 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ሲኖራቸው፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች።

ከዚያ ተነሥቶ ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ወጣት ከሚገጥሙት ተራ መልመጃዎች አንዱ የልደት ቀንን ተቀብሎ ዕድሜን ማስላት ነው። ይሁን እንጂ ወር ከ12 አይበልጥም ብሎ የሚፈትሽ ፕሮግራም በጳጉሜን የተወለደውን ሰው «ስሕተት» ብሎ ይመልሰዋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነው ስልት የተጀመረው በኖርዌይ ነው። በዚያ አገር የተሠራው የ1967 እ.ኤ.አ. ሲሙላ ክላስንና ውርስን ለፕሮግራም ጽሕፈት አበረከተ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1995 ይፋ ያደረገው ጃቫም ይህንኑ ተከተለ። በ1997 በወጣው 1.1 እትም «ካሌንደር» የተባለው ወላጅ ክላስ የጋራውን ጠባይ ሲይዝ፣ ዝርዝሩ ለልጆቹ ተተወ። ለ13ኛ ወር እንኳ «አንዴሲምበር» የሚል ስም ተሰጥቶ ነበር፤ የታሰበው ግን ለጨረቃ አቈጣጠር ነው።

በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የሂጅራን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የታይላንድን አቈጣጠር ሲያካትት የኢትዮጵያን አላካተተም። ክፍተቱን የሞሉት እንደ ጆዳ ታይም ያሉ ተጨማሪ ስብስቦች ናቸው።

ስለዚህም ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን እንድትሆን አድርጎ የራሱን ልጅ ክላስ የሚጽፍ ተማሪ፣ የውርስን ትርጉም በሥራ ይረዳል፤ የወገኑንም ልደት ከስሕተት መዝገብ ያወጣል።