የበረራ ዓይን

«የበረራ ዓይን» ድሮን በካሜራ ከፊቱ ያለውን ነገር የሚለይበት፣ ከሥሩ ያለውን መሬት እያየም ባለበት ረግቶ የሚቆምበት መሣሪያ ነው። የእንግሊዝኛውን ስም ቃል በቃል የሚመልስ ሁሉ ግን «የራእይ ሥርዓት» ላይ ይደርሳል። «ራእይ» የመጣው «ርእየ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ «አየ» ማለት ነው፤ ሥሩ ነውር የለበትም። በአማርኛ ግን ራእይ ለዮሐንስ የተገለጠው ነው፤ አለዚያም በመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ከ«ተልእኮ» ጎን ይሰቀላል። ሁለቱም ገና ያልመጣውን ያሳያሉ። ከድሮን የሚፈለገው አሁን ከፊቱ የቆመውን የባሕር ዳር ዘንባባ ማየት ነው።

«እንቅፋት አነፍናፊ» የሚልም አለ፤ ማነፍነፍ ግን የአፍንጫ ሥራ ነው። ከሁሉ የከፋው «ግጭት ተከላካይ» ነው፤ ያልተሰጠ ዋስትና ይሰጣል። ተከላካይ የተባለው ዛፍ ሲመታ ባለቤቱ ተታለልኩ ይላል። ዓይን ግን እንደሚፈዝ፣ እንደሚጭበረበር፣ በጨለማ እንደማያይ ማንም ያውቃል፤ ማስጠንቀቂያው ስሙ ውስጥ አለ። አማርኛም ዓይንን ለዕቃ መስጠት አይቸግረውም፤ መርፌ እንኳ ዓይን አላት።

«እንቅፋት» የእግር ቃል ነው፤ እንቅፋት መታኝ የሚለው ጣቱን ድንጋይ ያገኘው ሰው ነው። ድሮን እግር የለውም ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ይሁንና ቃሉ ለሥራም ለትዳርም እንቅፋት እየተባለ ከመንገድ ከወጣ ቆይቷል፤ «መሰናክል»ም ቢሆን ከስንክልና የተወለደ የእግር ቃል ነው። ስለዚህ እንደ «መለኪያ» እና «መቁረጫ» በአማርኛ የመሣሪያ ስም ደንብ የፊተኛው ዓይን «እንቅፋት ማያ»፣ የታችኛው «ቦታ ማወቂያ» ቢባሉ ያስኬዳል።

እንቅፋት ማያው እንደ ሰው ሁለት ዓይን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሌንሶች አሉት፤ ርቀትን የሚያሰላው በሁለቱ ምስሎች ልዩነት ነው። ቦታ ማወቂያው የድንጋይን፣ የሣርንና የአስፋልትን መልክ ይከታተላል፤ የሳተላይት ምልክት ሲደክም ድሮኑ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው።

ጣና ላይ ይህ ሁሉ ይፈተናል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም አካባቢ ታንኳ ሲያልፍ ውኃው ይሸበሸባል። ዝቅ ብሎ የሚበርር ድሮን የሚሄደውን ሞገድ እንደ ቆመ መሬት ቆጥሮ አብሮት ሊሄድ ይችላል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ደግሞ ውኃው መስተዋት ይሆንና ዓይኑ የሚይዘው ምልክት ያጣል። ስለዚህ ውኃ ላይ ከፍ ብሎ መብረር፣ ከሚወዛወዝ ጀልባ ሳይሆን ከጠንካራ መሬት መነሣት ይገባል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ በሥሩ ማለፍ ድርብ አደጋ ነው፤ ከላይ ኮንክሪቱ ሳተላይቱን ይጋርዳል፣ ከታች ወንዙ ዓይኑን ያታልላል።

እንቅፋት ማያው የኤሌክትሪክ ሽቦን፣ ቅጠል ያረገፈ ቀጭን ቅርንጫፍንና የሕንፃ መስታወትን ብዙ ጊዜ ይስታል። በምሽት ይፈዛል፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ሲያይም ይጭበረበራል። አንዳንዱ ድሮን የሚያየው ከፊትና ከታች ብቻ ስለሆነ ወደ ጎን ሲነዳ ዕውር ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች በፈጣኑ የስፖርት አነዳድ ሲበርሩ እንቅፋት ማያው ይጠፋል። ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ፏፏቴው የሚረጨው የውኃ ብናኝ ሌንሱን ይሸፍናል።

በኢትዮጵያ ድሮን ለማብረር አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ፣ ከመነሣት በፊት ሌንሶቹን ሁሉ፣ የሆድ ሥሩን ጭምር፣ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ከተነሣ በኋላም አብራሪው ድሮኑን በገዛ ዓይኑ መከተል አለበት።