አንገትና አንጀት

በአንገትና በአንጀት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። አማርኛ ግን በዚህች ፊደል የይሉኝታንና የእውነትን ድንበር አስምሮባታል። ከአንገት በላይ የሆነ ፈገግታ ለወግ ነው፤ ከአንጀት የመጣ እንባ ግን ለወግ ተብሎ አይፈስም። አበው «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ማለታቸው ስለዚህ ነው።

ቋንቋችን ለሰው ልጅ ውስጣዊ አካል ሥራ አከፋፍሏል። ልብ ያስተውላል፣ ይጠረጥራል፤ ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው «ልቤ ነግሮኝ ነበር» ይላል። ሆድ ምስጢር ይሸሽጋል፣ ይብሳል። ርኅራኄ የተሰጠው ለአንጀት ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛውን ገልብጠን ግምትን «የአንጀት ስሜት» ስንል የልብን ሹመት ለአንጀት መስጠታችን ነው።

ርኅራኄን ከሆድ ዕቃ ጋር ማያያዝ ጥንታዊ ነው። የግዕዙ «አማዑት»፣ የዕብራይስጡ «ሜዒም» እና የዐረብኛው «አምዓእ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ነቢዩ ኤርምያስም ጭንቀቱን የገለጸው በዚሁ በዕብራይስጡ ቃል ነው። በዕብራይስጥ ምሕረት ማለት የሆነው «ራሐሚም» ደግሞ «ሬሔም» ከሚለው የማሕፀን ስም ጋር ይዛመዳል። ወንጌላዊው ሉቃስም የደጉን ሳምራዊና የጠፋውን ልጅ አባት ርኅራኄ የጻፈው «ስፕላንክና» ከሚለው የግሪክ ቃል በወጣ ግስ ነው፤ የቃሉም ፍች የሆድ ዕቃ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ቦታ የተጠቀመው «ማዘን» በሚለው ግስ ነው። ፍቺው አልተዛነፈም፤ የአካሉ ሕመም ግን ቀርቷል። በመንገድ ዳር የወደቀ ሰው አይታ «አንጀቴን በላኝ» የምትል ባልቴት፣ ግሪክኛ ሳትማር፣ ለወንጌላዊው ቃል ከተርጓሚዎቹ ይልቅ ትቀርባለች።

የአነጋገሩን ሰዋስው ልብ እንበል። «ራራሁለት» ስል ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ በጎነቱም የእኔ ይሆናል። «አንጀቴን በላኝ» ስል ግን ባለቤቱ ችግረኛው ነው፤ እኔ ተሳቢ ነኝ። የምመጻደቅበት ነገር የለኝም፤ ደርሶብኛል እንጂ አላደረግሁትም።

ይህ አነጋገር ረኃብን ከሚያውቅ ሕዝብ መምጣቱ አያስደንቅም። ረኃብ ሲጸና አንጀት ይታጠፋል፤ እናትም አንጀቷን በመቀነት አስራ ልጆቿን ታሳድጋለች። የሚበላው ያጣ ሰው የተመልካቹን አንጀት ይበላል። ከአንገት በላይ ለቆመ ተመልካች ግን የሚበላ አንጀት የለውም።