አሸንፎ መሸጥ፦ የ1951ዱ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቅሌት

አዳማ ውስጥ ቤቲንግ ቤት ገብታችሁ ከሆነ «ሃንዲካፕ» የሚል አማራጭ ሳታዩ አልቀራችሁም። (ካልገባችሁም ምንም አልቀረባችሁ።) ነገሩ ተራ ሂሳብ ነው። አንድ የአዳማ ኮሌጅ ከአሰላ ቡድን ጋር ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ነው እንበል። አዳማ እንደሚያሸንፍ ሁሉም ካወቀ በአሰላ የሚያሲዝ አይገኝም። ስለዚህ አቋማሪው ከአዳማ ውጤት 6 ነጥብ ተኩል ይቀንሳል። 60 ለ 50 ካለቀ በአዳማ ያስያዘው በላ። 60 ለ 55 ካለቀ ግን አዳማ አሸንፎም እሱ ተበላ።

መሐንዲስ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ብልህ ዘዴ ሳይ ቀድሜ የምጠይቀው «የት ጋ ይሰበራል?» ብዬ ነው። ይሄኛው የሚሰበረው ተጫዋቹ ጋ ነው። ጉቦ ሰጪው «ተሸነፍልኝ» ማለት አይጠበቅበትም፤ «አሸንፍ፣ ግን በትንሽ ነጥብ» ማለት ይበቃዋል። ልጁ ቡድኑን የካደ እንኳ አይመስለውም። ተመልካቹስ? የሳተ ኳስ ያያል፤ ድካም ይሁን ገንዘብ ከወንበሩ ሆኖ በምን ይለየው?

ይህ ውርርድ አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1950 የኒውዮርኩ ሲቲ ኮሌጅ ሁለቱንም ታላላቅ የኮሌጅ ዋንጫዎች በአንድ ዓመት ወሰደ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ይህን ያደረገ የለም። ኮሌጁ ክፍያ የማይጠይቅ ነበር፤ ኮከቦቹም የአይሁድና የጥቁር ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ከተማው እንደ ራሱ ልጆች ነበር የሚያያቸው።

ጥር 1951 ላይ ግን ለሌላ ኮሌጅ፣ ለማንሃተን፣ የሚጫወተው ጁኒየስ ኬሎግ 1,000 ዶላር ቀረበለት። ያቀረበለት የቀድሞ የቡድኑ ተጫዋች ነው። ኬሎግ የኮሌጁ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሲሆን፣ ከትምህርት ውጪ በትንሽ ደመወዝ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ገንዘቡ ያስፈልገዋል። እሱ ግን ለአሰልጣኙ ነገረ፣ ነገሩም ፖሊስ ጋ ደረሰ።

በቀጣዩ ወር ሦስት የሲቲ ኮሌጅ ተጫዋቾች ከፊላደልፊያ ሲመለሱ ተያዙ። አሸንፈው እየመጡ ነበር! ምርመራው ሲቀጥል ከ1947 እስከ 1950 የተደረጉ 86 ጨዋታዎች፣ 7 ኮሌጆችና 32 ተጫዋቾች ተነካክተው ተገኙ።

ከቀናት በኋላ የተያዘው ፍሎይድ ሌይን 2,890 ዶላር የአበባ ማሰሮ ውስጥ ደብቆ ነበር። ያን ሁሉ ብር አልነካውም። በ1974 ሲቲ ኮሌጅ መልሶ ጠራው፤ በዚህ ጊዜ አሰልጣኝ አድርጎ።